የባልቴቲቱ ምሰሶ

ጣራ መክደን የሚችል ሰው ሞልቷል። ቤቱን ሳያፈርስ፣ ክዳኑን ሳያወርድ፣ የበሰበሰ ምሰሶ አውጥቶ አዲስ የሚተካ ግን በዚያ ዘመን ከጉና ግርጌ እስከ ጋፋት ብትፈልጉ ከእኔ ሌላ አታገኙም ነበር። ጉራ ነው የሚለኝ አይጠፋም። ይበል። እኔ ባቆምኩት ቤት ውስጥ ተወልዶ፣ አድጎ፣ ሚስት አግብቶ፣ አሁንም እዚያው ቤት ተቀምጦ የሚያማኝ ሰው አውቃለሁ።

ልጅ ሳለሁ የቄስ ትምህርት ቤት ገብቼ ዳዊት ደግሜ ነበር። ከዚያ ወዲያ አልገፋሁም። የኔታ አንድ ቀን ቀና ብለው ሲያዩኝ ዓይኔ ከመጽሐፉ ላይ የለም፤ አንጋጥጬ የቤተ ክርስቲያኑን ጣራ ወራጅ እቆጥራለሁ። «ይህ ልጅ ጣራ ነው የሚያነበው፤ ላባቱ መልሱት» አሉና አሰናበቱኝ። አባቴ ቤት ሠሪ ነበር። መጥረቢያውን ሰጠኝ፤ እኔም ደስ እያለኝ ተቀበልኩ። ይህን የምጽፈው ከዚያ በተረፈችኝ ፊደል ነው።

ጊዜው ንጉሡ ደብረ ታቦር ከትመው፣ ጋፋት ላይ ደግሞ ፈረንጆቹ ብረት የሚያቀልጡበት ነበር። ለእኔ ብጤው ጥሩም መጥፎም ዘመን ነው። ከተማው በሰፋ ቁጥር ቤት የሚያሠራ ሰው በረከተ። ግን ለማቅለጫው ከሰል እየተባለ በአካባቢው የነበረው ዛፍ ሁሉ አለቀ፤ ለምሰሶ የሚሆን አንድ ቀጥ ያለ ጽድ ለማግኘት የግማሽ ቀን መንገድ መሄድ ግድ ሆነ። ወታደሩም በየገበሬው ቤት ይሰፍራል፤ ሲሄድ የባለቤቱን ጎተራ ጠርጎ ይሄዳል።

ከቤቴ በላይ፣ ከገደሉ አፋፍ ላይ፣ አንዲት ባልቴት ይኖሩ ነበር። ባላቸው ቆላ ወርዶ ንዳድ ይዞት ከሞተ ሁለት ዓመት አልፎታል። አንድ ልጃቸው ደግሞ ከጦሩ ጋር ከዘመተ ዓመት ሊሞላው ነው፤ ወሬውም የለም። እኔ እትዬ ነበር የምላቸው። እናቴ በሞተች ጊዜ ሳምንት ሙሉ ከቤታችን ያልተለዩ ሴት ናቸው፤ እንደ ዘመድ ነው የማያቸው። በዚያው ዓመት በጋ ላይ እሳቸውም ቤት ወታደር ሰፍሮ ነበር። ሲሄድ የተረፋቸው ለዘር የደበቁት ጥቂት ገብስና ሁለት ዶሮ ብቻ ነው።

ቤታቸው ማዘመም የጀመረውም ያን ጊዜ ነው። ከመንገድ ሆኜ አየዋለሁ፤ በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ ወደ ገደሉ ይሄዳል። የሰው ቤት ሲያዘምም እያዩ ማለፍ ለእኔ የጥርስ ሕመም ነው። አንድ ቀን አላስችል ሲለኝ ወጣሁና ገባሁ፤ የእግዜር ሰላምታ እንኳ በቅጡ ሳልጨርስ ምሰሶውን በመጥረቢያዬ ጀርባ መታ መታ አደረግኩት። ከጉልበት በታች ያለው ድምፅ የዱባ ድምፅ ነው። በጣቴ ስጫነው ጣቴ ገባ።

«ስንት ጊዜ ይቆያል?» አሉኝ።

«ሰኔን ይቆም ይሆናል። ሐምሌን ግን አያይም።»

«እሳቸውም እንደዚያ ነው ያሉት» አሉ እትዬ።

እሳቸው የተባለው የባላቸው ታላቅ ወንድም ነው። እኔ ይህን ሰው አንቱ እያልኩ አልጽፍም፤ ፊት ለፊቱ ብዬዋለሁ፣ ይበቃዋል። በሌላ መንደር የሚኖር፣ አራት በሬ ያለው፣ ጎተራው ሞልቶ የሚፈስ ሰው ነው። «ቤቱ የወደቀ ቀን ወደ እኔ ትገቢያለሽ፤ መሬቱንም እኔው አርሼ አበላሻለሁ» ብሏቸዋል። ላይ ላዩን ሲሰሙት ደግነት ነው። ነገሩ ግን ወዲህ ነው። ቤቱ ከወደቀ ቦታው ጠፍ ይሆናል። ጠፍ ከሆነ ከብቱን ያስገባበታል፤ ከብቱን ካስገባበት ደግሞ ማን ያስወጣዋል? ያ ልጅ ከዘመቻ ሲመለስ እናቱን በአጎቱ ጓዳ የሰው እህል ስትፈጭ፣ የአባቱን ቦታ የአጎቱ በረት ሆኖ ያገኘዋል። ይህን እትዬም ያውቃሉ፣ እኔም አውቃለሁ። አራት በሬ እያለው አንድ እንጨት ጎትቶ ያላመጣው ለዚሁ ነው።

«ታዲያ ደቦ ይጥሩ እንጂ» አልኳቸው። «ሰዉ እንደሆነ ይወድዎታል፤ ይመጣል። እንጨቱን ለእኔ ይተዉት።»

ሳቁብኝ። «ምን አብልቼ?»

ለካ እኔ ስለ እንጨት ስጨነቅ እሳቸው የሚጨነቁት ስለ ምግብ ነው። በእኛ አገር ደቦ የሚጠራ ሰው የጠራውን ሠራተኛ ያበላል፣ ያጠጣል። ጠላ ሳይጠመቅ፣ እንጀራ ሳይጋገር ደቦ አይጠራም። የመጣው ሰው ምንም ላይናገር ይችላል፤ ጠሪው ግን አንገቱን ይደፋል። እትዬ ደግሞ በደህናው ቀን፣ ባላቸው ሳለ፣ ለደቦ በግ የሚያርዱ፣ ጠላቸው ከሰፈር ሰፈር የሚወራለት ሴት ነበሩ። ያንን ቤት ያወቀ ሰው መጥቶ ባዶ ገበታ ከሚያይ ቤቱ ላያቸው ላይ ቢወድቅ ይመርጣሉ። አልተናገሩም እንጂ ከፊታቸው አንብቤዋለሁ።

ቁልቁል ወደ ቤቴ ስወርድ መላው በራሱ መጣልኝ። ጎረቤቱ ሁሉ የየራሱን ምግብ ይዞ ቢሄድስ? አንዱ እንጀራ፣ አንዱ ዳቦ፣ አንዱ ጠላ። ሣሩንም ሁሉም ከክምሩ አንድ አንድ ሸክም ቢያወጣ ይበቃል። አስቀድመው ከሰሙ እንቢ ይላሉ፤ ስለዚህ አይሰሙም። ድንገት እንደርሳለን፣ ሥራውም ምግቡም ባንድ ላይ ይመጣል፣ እሳቸው ተቀምጠው ከማየት በቀር ምንም የሚጠበቅባቸው ነገር የለም። በዚህ ሐሳቤ እንደኮራሁበት ባቆምኩት ቤት ሁሉ አልኮራሁም።

ለሚስቴ ስነግራት እጇን ከሊጡ ሳታወጣ ሰማችኝና፣ «ሴቶቹ እየዘፈኑ ይሂዱ» አለች።

«ከዘፈኑማ ከሩቅ ይሰማል።»

«ይሰማ እንጂ። የደቦ ሰው እንደሆነ ይታወቅ።»

«ሰምተው በር ቢዘጉብንስ? ኮሽ እንዳይል ብያለሁ።»

«እንግዲህ አንተ ካልክ» አለች።

ሚስቴ «አንተ ካልክ» ስትል ነገር አለ ማለት ነው። በኋላ «ምን እንደሚመጣ ታውቂ ነበር?» ብዬ ጠይቄያታለሁ። «አላወቅኩም፤ ብቻ ደስ አላለኝም» ነው ያለችኝ። እኔ ደግሞ ደስ አለማለት ምክንያት አይሆንም ብዬ የማምን ሰው ነበርኩ።

እንጨቱ ከየት መጣ ብትሉ፣ ከእኔው ጓሮ ነው። ለራሴ አዲስ ቤት ብዬ ሁለት ዓመት ያደረቅኩት ጽድ ነበረኝ። ከሩቅ አገር በሁለት በሬ ያስጎተትኩት፣ እንደ ጧፍ ቀጥ ያለ። በደስታ ሰጠሁ ብል እዋሻለሁ። ሁለት ቀን ሙሉ ዙሪያውን እየዞርኩ በእጄ ስዳብሰው ከረምኩ፤ በሦስተኛው ቀን ተሸከሙልኝ ብዬ ለጎረቤቶቼ ተናገርኩ። ከተናገርኩ በኋላ መመለስ አልቻልኩም።

በግንቦት መጨረሻ፣ በዓል የሌለበት ቀን መረጥኩ። በዓለ ሃምሳ ስለነበር ጾምም የለም። ወንዶቹ ገሚሳችን ምሰሶውን፣ ገሚሳችን ሣሩን ተሸክመን በወንዙ በኩል እንዞራለን፤ አቋራጩ ለረጅም እንጨት አይመችም። ሴቶቹ ምግባቸውን ይዘው በአቋራጩ ይወጣሉ። እኛ ቀድመን ደርሰን መጥረቢያ ስናሰማ እነሱ ይደርሳሉ። እንዲህ ነበር ያሰብኩት፤ ሲታሰብ ሁሉም ያምራል።

ከወንዙ መሻገሪያ ላይ ከፊት የያዘውን ሰው አዳለጠውና እንጨቱ ከትከሻችን ወርዶ ቁልቁል ተንከባለለ። ሰው አልተጎዳም፤ እኔ ግን የዚያን ሰው ሰባት ቤት ሰደብኩ። ጠፍር አስረን፣ እየገፋን እየጎተትን ከውኃው እስክናወጣው ፀሐይዋ ከፍ አለች። ገና ከወንዙ ዳር ሳንንቀሳቀስ ከአፋፉ ላይ የሴት ጩኸት ሰማን። ያንን ጩኸት የማያውቅ ሰው የለም። መርዶ የሰማ ሰው ጩኸት ነው።

እንጨቱን ጥለን ሽቅብ ሮጥን።

ስንደርስ እትዬ ከደጃፋቸው መሬት ላይ ወድቀው፣ ነጠላቸው ከትከሻቸው ወርዶ፣ ፊታቸውን እየነጩ «ልጄን! ልጄን!» ይላሉ። ሴቶቹ አገልግላቸውን እንዳዘሉ ክው ብለው ቆመዋል። ገሚሶቹ ነገሩ ሳይገባቸው አብረው ያለቅሳሉ፤ በእኛ አገር ሴት ለቅሶ ሰምታ ዝም አትልም።

ያን ጊዜ ገባኝ። ሰው የሞተበት ቤት እሳት አያነድም፤ ምግብ የሚያደርስለት ጎረቤት ነው። በማለዳ ሴቶቹ አገልግል ይዘው፣ ሳይነጋገሩ፣ ተከታትለው ይመጣሉ። ልጇ የዘመተባት እናት ከደጃፏ ቆማ ጎረቤቶቿ እንደዚያ ሆነው ሲወጡባት ብታይ ሌላ ምን ልታስብ ኖሯል? ዘፈኑን የከለከልኩት እኔ ነኝ። መሣሪያ የያዙትን ወንዶች በሌላ መንገድ የወሰድኩትም እኔ ነኝ። ሞት በሌለበት ቤት ለቅሶ ያሰናዳሁት፣ ያን ሁሉ ብልሃት ያወጣሁት ሰውዬ ነኝ።

«እትዬ፣ ማንም አልሞተም! ልጅዎ አልሞተም!» ብዬ ጮኽኩ። አልሰሙኝም። ሚስቴ አገልግሏን ጥላ ከፊታቸው ተንበረከከችና ሁለት እጃቸውን ያዘች። «ለምሰሶው ነው የመጣነው፣ እትዬ። ለቤቱ ነው። ይዩ፣ ወንዶቹን ይዩ፤ ሣር ነው የተሸከሙ፣ መጥረቢያ ነው የያዙ» አለቻቸው፤ ደጋግማ፣ በዝግታ። ቀና ብለው አዩን። ከእግር እስከ ራሳችን ውኃና ጭቃ ነን። ለቅሶ የሚመጣ ሰው እንደዚያ ሆኖ አይመጣም።

«መልክተኛ አልመጣም?» አሉ።

«አልመጣም» አልኩ።

«ማል።»

«መድኃኔዓለምን!»

ነጠላቸውን ሰበሰቡ። ከዚያ ተነሡ፤ ስለተነሡ ደስ ብሎኝ ሳይጨርስ ቁጣቸው መጣ።

«ይህን ያሰበው ማን ነው?»

ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። ጎረቤት እንዲህ ነው፤ ምሰሶ ለመሸከም እንኳ እንደዚያ ባንድ ጊዜ አልተነሡልኝም።

«እኔ ነኝ። እንዳይቸገሩ ብዬ ነው።»

«ያዘመመው ቤቴ ነው፤ እኔ አላዘመምኩም። ምግባችሁን ይዛችሁ ሂዱልኝ።»

ይህን ጊዜ ዝም ማለት ነበረብኝ። እኔ ግን በተፈጥሮዬ ሲሳሳት የሚጮህ ሰው ነኝ። «ሂዱ ካሉን እንሄዳለን! እኛስ ቤት አለን፤ እርስዎ ግን ሐምሌ ሲገባ የት ይሄዳሉ? እዚህ ከብቱን ሊያስገባ ከሚጠብቅዎት ሰው ጓዳ?» አልኩ፤ ያን ሁሉ ሰው ፊት። ሚስቴ ክርኔን ቆነጠጠችኝ። ዛሬም ሳስበው ፊቴ ይግላል።

እትዬ ዘወር ብለው ቤታቸውን አዩት፤ ከጉልላቱ እስከ ደጃፉ ድረስ። ከዚያ ገቡ። እኛም እንደቆምን ቀረን። አንዱ እንሂድ ይላል፣ አንዱ ትንሽ እንቆይ ይላል። ጥቂት ቆይቶ ጭስ በክዳኑ መውጣት ጀመረ፤ ቀጥሎ የሚቆላ ገብስ ሽታ መጣ። ሁላችንም ምን ገብስ እንደሆነ እናውቃለን። ከወታደሩ የደበቁት ዘር ነው። አፌን ልከፍት ስል ሚስቴ ደግማ ቆነጠጠችኝ።

ቆሎውን በሰፌድ ይዘው ወጡ።

«ስሙኝ» አሉ። «ደቦውን የጠራሁ እኔ ነኝ። የማበላችሁም እኔ ነኝ፤ ድግሴ ይህችው ናት። ይዛችሁ የመጣችሁትን ወደ የቤታችሁ መልሱ፤ አንድ አገልግል እዚህ ግቢ እንዳይፈታ። ይህንን ዘግኖ የሚሠራ ይሥራልኝ። የቀረውን በአረም ጊዜ በጉልበቴ እመልሳለሁ፤ ለእያንዳንዳችሁ አንድ አንድ ቀን። እጄ ገና አልዛለም።»

ከመካከላችን በዕድሜ የሚበልጡት ሽማግሌ ሰው ቀድመው እጃቸውን ዘረጉ። ከቆሎው ዘገኑና «ቤትሽ ይሙላ» አሉ። ከዚያ ሁላችን በየተራ ዘገንን። ተራው ሲደርሰኝ እትዬ ሰፌዱን ወደ እኔ ዘነበል አደረጉት፤ ዓይናቸውን ግን አላነሡልኝም። ሴቶቹ አገልግላቸውን ይዘው ወረዱ። ሲመለሱ ውኃ በእንስራ፣ ጭድ በእቅፍ ይዘው ነው፤ በዚህ ጊዜ እየዘፈኑ፣ ሚስቴ ከፊት ሆና እያወጣች።

ወርደን ምሰሶውን ከጣልንበት ከወንዙ ዳር አመጣነው፤ ወደ ሥራው ስንገባ ልቤ ተመለሰልኝ። በቤት ሥራ ላይ እኔን የሚያርመኝ የለም። ምሰሶ የሚለወጠው እንዲህ ነው፤ በመጀመሪያ ጣራው ጫፉ መንታ በሆነ እንጨት፣ በባላ፣ ይደገፋል፣ ድጋፉ ክብደቱን ሲሸከም አሮጌው ምሰሶ ይወጣል፣ አዲሱ ይገባል። ጥበቡ ባላውን የት እንደምታቆመው ማወቁ ላይ ነው። ቤቱ ያዘመመው ወደ ገደሉ ስለሆነ ባላውን በገደሉ በኩል አቁሙ ብዬ አዘዝኩ።

«በዚያ በኩል አይደለም» አሉ እትዬ ከበሩ።

«እትዬ፣ የሚወድቀው ወደዚያ ነው እኮ።»

«የሚወድቀው ወደዚያ ነው። የሚጮኸው ግን ከምድጃው በላይ ነው። ነፋስ በመጣ ቁጥር እሰማዋለሁ።»

ስለ ጣራ ማን እንደሚያውቅ ልነግራቸው ነበር። ከጠዋቱ ነገር በኋላ ግን ድፍረቱ አልነበረኝም፤ መሰላል አስደግፌ ከምድጃው በላይ ያለውን ወራጅ በእጄ ዳሰስኩት። የስንት ዓመት ጥላሸት ሸፍኖታል። ጥላሸቱን በቢላ ስፍቀው እንጨቱ ከላይ እስከ ታች ተሰንጥቋል። ምሰሶው ከበሰበሰ ጀምሮ የጣራውን ክብደት የተሸከመው ይህ ስንጥቅ እንጨት ነው። እኔ እንዳዘዝኩት በገደሉ በኩል ገፍተን ቢሆን ኖሮ ክዳኑ እንዳለ በእነዚያ ሁሉ ሰዎች አናት ላይ ይወርድ ነበር።

«የእትዬ ነው ልክ» አልኩ። «ባላውን ወደ ምድጃው።»

እንዲህ ብዬ ከዚያ ቀን በፊት ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

ሁለት ባላ በምድጃው በኩል አቆምን፣ አንድ ደግሞ በገደሉ በኩል አስጠጋን። ወንዶቹ «ሆ!» ብለው ገፉ፤ ጣራው አቃሰተና ትንሽ ተነሣ። አሮጌውን ምሰሶ ስናወጣው ከሥሩ ተፈረካክሶ በእጃችን ቀረ። አዲሱን ጽድ በበሩ አስገብተን፣ ጫፉን ከወራጆቹ መጋጠሚያ ሥር አስተካክለን፣ እግሩን ከጉድጓዱ ዶልነው። በትክክል ገባ። አንድ ጣት እንኳ አልተረፈ፣ አንድ ጣት እንኳ አላጠረ። እንደዚያ ያለ ልኬት አባቴም አልለካም፤ ይህን ብናገር ትክክል ነው።

አንድ ነገር ቀርቶ ነበር። በእኛ መንደር ምሰሶ ሲቆም ከሥሩ የመጀመሪያውን አፈር የሚመልሰው የቤቱ አባወራ ነው። እሱ ከሌለ ወንድ ልጁ፣ ልጁ ከሌለ ደግሞ የባል ወንድም። አፈሩን የመለሰ ሰው የቤቱ ሰው ነው፤ በኋላ ክርክር ቢነሣ ሽማግሌ የሚጠይቀው ይህንኑ ነው። እኔ በእንጨቱ ልክ ተወጥሬ ይህን ጨርሶ ረስቼው ነበር። ምሰሶውን አቅፈን እንደያዝን ከወንዶቹ አንዱ፣ ክፋት ሳያስብ፣ «የባልዎን ወንድም ልጥራዎት?» አላቸው።

ዘፈኑም ቆመ። ሽማግሌውን አየኋቸው፤ እሳቸውም መሬት መሬቱን ያያሉ።

እትዬ ቀሚሳቸውን ሰብሰብ አድርገው ከምሰሶው ሥር ተንበረከኩና አፈሩን በሁለት እጃቸው እየዛቁ ወደ ጉድጓዱ መመለስ ጀመሩ። አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ፣ ሦስት ጊዜ። እንዲህ አይደረግም የሚል ሰው ጠበቅኩ፤ ቢኖር ኖሮ እኔ ነበርኩ የምጣላው። ሽማግሌው «ጠቅጥቂው እንግዲህ» አሉ፤ እሳቸውም በተረከዛቸው ጠቀጠቁት። የዚያን ጊዜ ዓይኔ እንባ አቀረረ። ጥላሸቱ ነው ብዬ ጠረግኩት፤ ጥላሸቱ አልነበረም።

ስንጥቁን ወራጅ ለወጥን፣ የሳሳውን ክዳን በአዲስ ሣር ሸፈንን፤ ሴቶቹም ጭቃውን ከጭድ አቡክተው ግድግዳውን መረጉት። ፀሐይ ሳትጠልቅ ሁሉም አልቆ ነበር። በዚያ ቀን ከቆሎና ከውኃ ሌላ የቀመስነው የለም። እንደዚያ ርቦኝ እንደዚያ ደስ ብሎኝ ቤቴ የገባሁበት ቀን ትዝ አይለኝም።

እትዬም ቃላቸውን ጠበቁ። በሐምሌ መጀመሪያ የገብስ አረም ሲደርስ በየቤቱ እየዞሩ ቀናቸውን መለሱ። የእኔ ተራ የደረሰ ዕለት ከእኔ ቀድመው ከማሳዬ ላይ አገኘኋቸው። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ «ይብቃዎት፣ እትዬ» ብላቸው፣ «አንተ ምሰሶዬን ከግማሽ ላይ ትተህ ሄድህ?» አሉኝና ጎንበስ አሉ። ከጎናቸው ሆኜ ላርም ብሞክር አልደረስኩባቸውም። ልጃቸውም በዓመቱ በደህና ተመልሶ እዚያው ቤት ገብቷል። የሱ መመለስ ግን ከዚህ ጽሑፌ ውጭ ነው።

መጻፍ የፈለግኩት በዚያው ሐምሌ አጋማሽ የሆነውን ነው። ዝናቡ ሳምንት ሙሉ አላባራም ነበርና ጣራው ያፈስስ እንደሆነ ልይ ብዬ ወጣሁ። እንደ ደረስኩ በረዶ ጀመረ፤ ክዳኑ ላይ ሲወርድ ሰው ከሰው አያሰማም። እትዬ ጥጥ ይፈትላሉ፤ እኔ አንጋጥጬ ጣራውን አያለሁ። አንድ ጠብታ የለም።

በዚህ መካከል የባላቸው ወንድም ከደጃፉ ብቅ አለ። ጋቢው ውኃ ጠጥቶ ከላዩ ላይ ተጣብቋል። ከኋላው የጭነት በቅሎ ይጎትታል፤ ኮርቻዋ ላይ ጠፍርና ባዶ ስልቻ አለ። ደቦውን እንዳልሰማ ገባኝ፤ ለምን እንደመጣም መጠየቅ አላስፈለገኝም።

«ይህን ዝናብ ሳይ ወደቀ ብዬ ነው የመጣሁ» አለ። «ዕቃሽን ልጭንልሽ።»

«ይግቡ፣ በረዶው ይመታዎታል» አሉ እትዬ። «በቅሎዋንም ከጥጉ ያስሯት። ጋቢዎን ወዲህ ይበሉ፣ እሳት ዳር ላድርቀው።»

ገባ። ተቀመጠ። ጋቢውን አወለቀና ሰጠ። ዓይኑ ግን ምሰሶው ላይ ነው፤ ከታች ጀምሮ እስከ ወራጁ መጋጠሚያ ወጣ፣ ተመልሶም ወረደ።

«ይህን ማን አቆመው?»

ቀና ብዬ ደረቴን ነፋሁ። በሕይወቴ ይህ ጥያቄ ተጠይቆ ሳልመልስ ቀርቼ አላውቅም። ደግሞ ለሱ መመለስ! ቃሉ ከምላሴ ጫፍ ደርሶ ነበር።

«እኔ ነኝ» አሉ እትዬ፣ ፈትላቸውን ሳያቋርጡ።

ሰውየው ሳቀ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ፣ «ያንተ ሥራ አይደለም እንዴ ይሄ?» አለኝ። «ከሥሩስ አፈሩን ማን መለሰ?»

እትዬ አላዩኝም። እንዝርታቸው ብቻ ይዞራል።

«እሳቸው ናቸው» አልኩት። «ባላውንም የት እንደምናቆም ያሳዩን እሳቸው ናቸው፣ አፈሩንም የመለሱት እሳቸው ናቸው። እኔ እንጨቱን ነው የያዝኩ።»

እትዬ ጋቢውን በእሳቱ ፊት እያገላበጡ አደረቁለት። በረዶው ሲያባራ ተቀብሎ ለበሰና፣ ባዶ በቅሎውን እየጎተተ በጭቃው ላይ ቁልቁል ወረደ።